የደን ፏፏቴን ፎቶ ማንሳት፦ በሰሜን ሸዋ ደጋ ያለው ብርሃን

በደን ውስጥ የሚወርድ ፏፏቴ ለፎቶግራፍ የሚያስቸግረው ብርሃን ስለሚያንሰው ብቻ አይደለም፤ ብርሃኑ ወጥ ስላልሆነ ነው። በቀትር በቅጠሉ መሐል ሾልኮ የሚወርደው ጨረር አረፋውን ያነጣዋል፤ አጠገቡ ያለው እርጥብ ጥቁር ድንጋይና የጥዱ ሥር ጨለማ ውስጥ ይቀራሉ። በሁለቱ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ከ10 ስቶፕ፣ ማለትም ከ1,000 እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞር ራሱን ያስተካክላል። ካሜራ ግን ለሁሉም በአንድ ልክ ስለሚያነሳ፣ ወይ አረፋው ባዶ ነጭ ይሆናል፣ ወይ ደኑ ይጠቁራል።

ለዚህ ችግር የመጀመሪያው መፍትሔ ሰዓት መምረጥ ነው፤ ሰዓቱን የሚወስነው ደግሞ ገደሉ የሚያይበት አቅጣጫ ነው። የሰሜን ሸዋ ደጋ ሁለት ፊት አለው። የምሥራቁ ጠርዝ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል፤ በጣርማ በር፣ በባሶና ወራናና በአንኮበር የተዘረጋው የወፍ ዋሻ ደን ከነጥዱ፣ ከነዝግባውና ከነኮሶው ያረፈው በዚሁ ቁልቁለት ላይ ነው። እዚህ ፀሐይ ማለዳውን ፊት ለፊት ትመታለች። ከቀትር በኋላ ግን ከተራራው ጀርባ ትገባለች፤ ሰማዩ ገና ብሩህ ሆኖ ደኑ በሙሉ ጥላ ውስጥ ይውላል። ለፏፏቴ ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም። የመንዝና የመርሐቤቴ ውሃ በወንጪትና በጃማ በኩል ወደ ዓባይ በሚወርድበት ወገን ነገሩ ይገለበጣል፦ ወደ ምዕራብ በሚያይ ገደል ጥላው የጠዋት ስለሆነ፣ ፎቶ አንሺው ፀሐይ ጠርዙን ሳትሻገር መድረስ አለበት። አገሩ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ በመሆኑ ማታው ፈጥኖ ይጨልማል፤ መዘግየት ሥራውን ያስቀራል።

ደመናና ጉም ሲገኙ ሰዓት መጠበቅም አያስፈልግም። ጣርማ በርን የሚሸፍነው ጉም ብርሃኑን በሁሉም ወገን ይበትነዋል፣ የኋላውንም ዛፍ ያለሰልሰዋል። የካሜራው ልኬት ግን ጉሙን ግራጫ አድርጎ ያሳያልና እስከ 1 ስቶፕ መጨመር ይገባል። ከወራት ሐምሌና ነሐሴ ውሃ የሞላባቸው ናቸው፤ ከእርሻ መሬት የሚመጣው ጎርፍ ግን ድፍርስ ነው። በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ውሃው ሳይጎድል ይጠራል። በመንዝ ማኅበረሰቡ ለዘመናት በሥርዓት የጠበቀው የጓሳ ሣር ዝናቡን ይዞ ቀስ እያለ ይለቅቀዋል፤ የጠራ ጅረት የሚፈልግ ሁሉ ለዚያ ጥበቃ ባለዕዳ ነው።

ከመሣሪያዎቹ ዋጋው ከፍ ብሎ የሚታየው ፖላራይዘር ፊልተር ነው። እርጥብ ቅጠልና ድንጋይ የሰማዩን ብርሃን ስለሚያንጸባርቁ አረንጓዴው ይደበዝዛል፤ ፊልተሩ ይህን ነጸብራቅ ይቀንሳል። ከመስተዋት ላይ የሚያንጸባርቅ ብርሃን ፖላራይዝድ (በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ) መሆኑን ፈረንሳዊው ማሉስ በ1808 እ.ኤ.አ. አገኘ፤ ስኮትላንዳዊው ብሩስተር ደግሞ ይህ የሚጎላበትን ማዕዘን የሚወስነውን ሕግ በ1815 አወጣ። ለውሃ ማዕዘኑ በገጹ ላይ ቀጥ ብሎ ከሚቆመው መስመር 53 ዲግሪ ገደማ ነው። ፊልተሩን እያዞሩ ነጸብራቁ ሲጠፋ ማቆም ነው። ከ1.5 እስከ 2 ስቶፕ ብርሃን ይቀንሳል፤ ይህም መዝጊያውን ለማዘግየት ያግዛል። እንደ ጢስ ዓባይ ባለ ፏፏቴ ቀስተ ደመና ሲታይ ግን ጥንቃቄ ይሻል፤ ያው ፊልተር ቀስተ ደመናውን ሊያጠፋው ይችላል።

የመዝጊያው ፍጥነት በውሃው ብዛት ይወሰናል። በበጋ ለሳሳ ጅረት ከ1/4 ሴኮንድ እስከ 1 ሴኮንድ ያለው ጊዜ ውሃውን እንደ ፈትል ያወርደዋል። የክረምት ጎርፍ በዚያው ጊዜ ቢነሳ ኃይሉን ያጣል፤ ከ1/15 እስከ 1/8 ይበቃዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ውሃ እንደ ወተት ሆኖ ይወጣ የነበረው ፎቶ የሚነሳበት የመስተዋት ሰሌዳ ለብርሃን ዘገምተኛ ስለነበረ ነው፤ ዛሬ ያንን ልማድ መከተል ግዴታ አይደለም። አፐርቸሩ ኤፍ 8 ወይም ኤፍ 11 ቢሆን ይመረጣል፤ ኤፍ 22 ላይ ምስሉ ይለሰልሳል። ትራይፖድ የግድ ነው። ንፋስ ቅጠሉን ካወዛወዘው፣ አይኤስኦውን ከፍ አድርጎ ሁለተኛ ፎቶ በፍጥነት ማንሳትና በኋላ ሁለቱን ማዋሃድ ይቻላል።

ልኬቱ የሚወሰደው ከአረፋው ነው፤ ሂስቶግራሙ የቀኙን ጠርዝ እንዳይነካ አድርጎ በሮው ፋይል ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የጠቆረ ድንጋይ በኋላ ሊበራ ይችላል፤ የተቃጠለ ነጭ ግን አይመለስም። በከፍታ ላይ ያለ ጥላ ወደ ሰማያዊ፣ ከቅጠል በታች ያለው ደግሞ ወደ አረንጓዴ ያደላል። ዋይት ባላንሱን ከ6,500 እስከ 7,500 ኬልቪን ማድረግ መነሻ ይሆናል፤ ግራጫ ካርድ ከሌለ በዚያው ጥላ ውስጥ የተያዘ ንጹሕ ነጠላ ያገለግላል። ሰማያዊው በሙሉ እንዲጠፋ ግን አይመከርም፤ ጥቂቱ ቢቀር የደጋውን ብርድ ያሳያል።

ፀሐይ በአንዲት ስፍራ ብቻ ዘልቃ ከገባች ደመና እስኪያልፍባት መጠበቅ ይሻላል። ደመና ከሌለ ያቺን ስፍራ ከፍሬሙ ማውጣት፣ ያም ካልሆነ ለብሩሁና ለጥላው ሁለት የተለያዩ ፎቶዎች ማንሳት ነው።