በርበሬው ከመፈጨቱ በፊት

ልጃችን ቱርክ ሄዶ የመማር ዕድል ሲያገኝ ቤቱ መጀመሪያ የሚሯሯጠው በርበሬና ሽሮ ለማዘጋጀት ነው። ስንቁ ይደርሳል፤ ወረቀቱን እናስቀድም።

ሙሐመድ የሚለው ስም በላቲን ፊደል አጻጻፉ ብዙ ነው። በፓስፖርቱ አንድ ዓይነት፣ በትራንስክሪፕቱ ሌላ ዓይነት ከሆነ ልጁ በሰው አገር ሁለት ሰው ይሆናል። ከዘመዶቻችን አንዱ በዚሁ ሰበብ ምዝገባው ሳያልቅለት ሳምንታት ተንከራተተ። እናቱ በደወለች ቁጥር ግን «ትምህርት ጀምሬያለሁ» ይላት ነበር። እዚሁ ሳለ አይተነው ቢሆን ኖሮ ከተማረበት ትምህርት ቤት አስተካክሎ ይሄድ ነበር።

የልደት ቀኑም እንዲሁ ነው። መስከረም 1 ቀን 1998 በአውሮፓ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 11 ቀን 2005 ነው፤ ዓመቱን ብቻ ቀይረን ቀኑን እንዳንተወው። ፓስፖርት ላይ የቤተሰብ ስም ሆኖ የሚሰፍረው የአያት ስም ስለሆነም ክፍል ውስጥ በአያቱ ስም ሲጠራ እንዳይደነግጥ እንንገረው። (አያትየው ደስ ሳይላቸው አይቀርም።)

ሰዓታችን ከቱርክ ጋር እኩል ነው፤ እኛ ከጠዋቱ 2 የምንለውን እነሱ 8 ይሉታል እንጂ። ስለዚህ ለመደወል አይቸግርም። ገንዘብ ሲያልቅበት ወይም ሲታመም እውነቱን ለማን እንደሚናገር ግን ከመሄዱ በፊት እንስማማ። እናቱን ማስደንገጥ ከፈራ ለአጎቱ ይንገር፤ አጎትየውም ሳይቆጣ ያዳምጠው።