እህልን ማጠብና ማብሰል የፀረ ተባይ ቅሪትን ያስወግዳልን?



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ከየቤታችን ጓዳ የሚመነጭ ነው፤ እህልን አጥበንና አብስለን በላዩ የቀረውን የፀረ ተባይ ኬሚካል ማስወገድ እንችላለንን? መልሱ በኬሚካሉ ባሕርይና ባረፈበት ስፍራ ይወሰናል።

በጎተራ የሚደረገው ማላታዮን በአብዛኛው በፍሬው ውጫዊ ሽፋን ላይ ይቀራል። ስለዚህ ማጠብ ከፊሉን ይቀንሳል፤ ፉርሽካውን መለየት የበለጠ ይቀንሳል፤ የማብሰል ሙቀትም ከቀረው የተወሰነውን ይሰብራል። በስብ እንጂ በውኃ የማይሟሙ፣ ዲዲቲን የመሰሉ ኬሚካሎች ግን በእጥበት በቀላሉ አይለቁም፤ ሙቀትንም ይቋቋማሉ።

የዚህን ልዩነት ክብደት የሚያሳየን የኢራቅ መከራ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. በሜቲል ሜርኩሪ የታሸ የዘር ስንዴ ለገበሬዎች ታደለ። ለማስጠንቀቂያ ቀለም ተቀብቶ ነበር። አንዳንዶች ግን እህሉን ሲያጥቡ ቀለሙ ለቀቀ፤ መርዙም አብሮ የለቀቀ መሰላቸው፤ ዳቦ ጋግረው በሉት። ሜርኩሪው በውኃም በእሳትም አልጠፋም። 6,530 ሰዎች ሆስፒታል ገቡ፤ ከእነርሱም 459 ሞቱ።

እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው። ውኃ ያጠራው ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ለምግብ የተቀመጠውን እህል እናበጥር፣ እንልቀም፣ እንጠብ፤ ይህ ይጠቅማል። ለዘር የታሸውን ግን ከምግብ እህል ለይተን እናስቀምጥ፤ በተቸገርንበት ወራት እንኳ ወደ ወፍጮ አንውሰደው፤ ለከብትም ለዶሮም አንስጠው። ምጣድ ሊጥን ያበስላል እንጂ መርዝን ሁሉ አያረክስም።