ከመሬት ወደ ሳንባ፣ ከሳንባ ወዴት?



ጨረር ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ሂሮሺማን ወይም ቼርኖቢልን ነው። እኔ ዛሬ የምናገረው በወጨጫና በእንጦጦ ተራሮች ዙሪያ ቤት ሠርቶ ስለሚያድር ሰው ሳንባ ነው። እነዚህ ተራሮች የእሳተ ገሞራ ሥራ ናቸው። በየትኛውም አፈርና ድንጋይ ውስጥ ጥቂት ዩራኒየም አለ፤ እንደ ትራካይት ያሉ ሲሊካ የበዛባቸው የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቁር ድንጋይ የበለጠ ይይዛሉ። ዩራኒየም በረጅም ዘመን እየፈረሰ ራዲየም ይሆናል፤ ከራዲየም ራዶን የተባለ ጋዝ ይወለዳል። ራዶን ቀለምም ሽታም ጣዕምም የለውም። ሜዳ ላይ ነፋስ ይበትነዋል። የሱሉልታን ብርድ ሸሽተን በርና መስኮት ጥርቅም አድርገን ስንተኛ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ የቤቱ ሙቅ አየር ወደ ላይ ሲወጣ በወለሉ ስንጥቅና በቧንቧ ዙሪያ በቀረው ክፍተት የአፈሩን አየር ይስባል፤ ጋዙም በክፍሉ ይጠራቀማል።

ወደ ሳንባ የገባው ራዶን ምን ይሆናል? ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር በቀላሉ የማይዋሐድ ስለሆነ አብዛኛው በዚያው ትንፋሽ ተመልሶ ይወጣል። ጥቂቱ በደም በኩል በሰውነት ይዘዋወራል፣ በተለይም በስብ ውስጥ ይቆያል፣ ኋላም በደም ወደ ሳንባ ተመልሶ ይተነፈሳል። ግማሹ ለመፍረስ 3.8 ቀን ስለሚፈጅበት አብዛኛው ሳይፈርስ ከሰውነት ይወጣል። ስለዚህ ትልቁ ሥጋት ጋዙ ራሱ አይደለም።

ሥጋቱ ራዶን በክፍሉ አየር ውስጥ ሲፈርስ የሚተኩት ነገሮች፣ የራዶን ልጆች የሚባሉት፣ ናቸው። መጀመሪያ የሚተካው ፖሎኒየም-218 ጋዝ ሳይሆን ጠጣር ነው፤ ከብናኝ፣ ከከሰልና ከዕጣን ጭስ ጋር ተጣብቆ ወደ ውስጥ ይሳባል። ከ3 ደቂቃ በኋላ ግማሹ እርሳስ-214 ይሆናል፤ የዚህ ግማሽ ዕድሜ (ግማሹ የሚፈርስበት ጊዜ) 27 ደቂቃ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ቢስሙዝ-214 20 ደቂቃ፤ ከእሱ የሚወለደው ፖሎኒየም-214 የሰከንድ አንድ ሺህኛ እንኳ አይቆይም። ሁለቱ ፖሎኒየሞች የሚለቁት አልፋ ጨረር በሥጋ ውስጥ የሚሄደው ርቀት የሚሊሜትር አንድ አስረኛ አይሞላም። ከውጭ ሲመጣ ቆዳችን ያስቆመዋል። ከአየር ቧንቧው ግድግዳ ላይ ሆኖ ሲፈነጥቅ ግን የሚመታው እዚያው ያሉትን ሕያው ሕዋሳት ነው።

ሰውነታችን ዝም ብሎ አይቀበልም። ደቃቅ ያልሆነውን ብናኝ አፍንጫ ይይዘዋል። ያለፈውን የአየር ቧንቧዎቹ ንፍጥ ይይዝና ጥቃቅን ፀጉሮች ሽቅብ ወደ ጉሮሮ ይገፉታል፤ ሳናውቀው እንውጠዋለን፤ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። ከዚህም አልፎ እስከ ሳንባ አየር ከረጢቶች ድረስ የዘለቀውን ደግሞ ብናኝ የሚውጡ ሕዋሳት ያነሡታል፤ ይህ ግን ሳምንታትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን ይወስዳል። እንግዲህ ጠረጋውና መፍረሱ ይሽቀዳደማሉ፤ በራዶን ልጆች ዘንድ የሚቀድመው መፍረሱ ነው። ጠረጋው ሰዓታት ሲፈልግ እነሱ በደቂቃዎች ውስጥ ጨረራቸውን ጨርሰው ይለቃሉ። የሚቀረው እርሳስ-210 ግማሽ ዕድሜው 22 ዓመት ነው፤ ወደ ደም ከገባ አጥንት ውስጥ ይቀመጣል፣ በሽንትና በዓይነ ምድር በዝግታ ይወጣል።

ሁሉም ጨረር አመንጪ ነገር አንድ መንገድ አይከተልም። ሲዚየም-137 ፈርሶ ግማሽ ለመሆን 30 ዓመት ይፈልጋል፤ በሰውነት ውስጥ ግን በቀላሉ ስለሚሟሟ በአዋቂ ሰው 100 ቀን ገደማ ውስጥ ግማሹ፣ በተለይ በሽንት፣ ይወጣል። አዮዲን-131 ወደ ታይሮይድ ዕጢ ይሄዳል። የማይሟሟ የፕሉቶኒየም ኦክሳይድ ብናኝ ለዓመታት ሳንባ ውስጥና በአካባቢው ባሉ የሊምፍ ዕጢዎች ይቀራል። ምን ያህል ገባ የሚለውን ያህል በምን መልክ ገባ የሚለውም ወሳኝ ነው። በጉጂ በቀንጢቻ የሚገኘው የታንታለም ማዕድን ዩራኒየምና ቶሪየም ስላለበት እዚያ አቧራ ስለሚስብ ሠራተኛም የሚጠየቀው ጥያቄ ይኸው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ራዶንን ከትንባሆ ቀጥሎ የሳንባ ካንሰር አምጪ ከሆኑ ዋና ምክንያቶች ይቆጥረዋል። ለቤት ያስቀመጠው የማጣቀሻ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር 100 ቤኬሬል (የጨረር አመንጪነት መለኪያ) ነው፤ ይህ ለማይቻልበት አገር ከ300 እንዳይበልጥ ይመክራል። ለሚያጨስ ሰው አደጋው እጅግ የከፋ ነው።

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ቤት በየወሩ እየተገነባ ነው፤ ስለዚህ ልለምናችሁ የምወደው ከወለል እንድትጀምሩ ነው። ሲሚንቶ ከመፍሰሱ በፊት ከሥሩ የተዘረጋ ወፍራም ፕላስቲክና በሚገባ የተደፈነ የቧንቧ ዙሪያ፣ ቤቱ ካለቀ በኋላ ከሚደረግ ጥገና በእጅጉ ይረክሳል። ለተሠራው ቤት ደግሞ ለጥቂት ወራት የሚቀመጥ ትንሽ የፕላስቲክ መለኪያ አለ፤ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። የሚቀመጠው በኩሽና ሳይሆን በምድር ቤቱ መኝታ ክፍል፣ ከመስኮትና ከምድጃ ርቆ፣ ሰው ተኝቶ በሚተነፍስበት ከፍታ ነው፤ ጊዜውም ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ማለትም ሁላችንም መስኮት በምንዘጋበት ወቅት።