ስለ ካሜራ ብርሃንና ስለ ባለይዞታው ፊት



ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት በኪስ ስለምትያዘው ትንሽ ዲጂታል ካሜራ ነው። ነገሩ ለመዝናኛ የሚወራ ይመስላል። ነገር ግን እናንተ በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁ እንደምታውቁት፣ ፎቶግራፍ በመዝገብ ላይ መለጠፍ ከጀመረ ወዲህ የሰው መብት ምስክር ሆኗል። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ ለገበሬው በሚሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም በአንድነት ይጻፋል፤ ፎቶግራፋቸውም ይለጠፋል። ታዲያ ፊቱ ጠቁሮ ዓይንና አፍንጫው የማይለይ ከሆነ፣ ነገ ክርክር ቢነሣ ደብተሩ ስለ ማን ይመሰክራል?

እስቲ በሐሳብ ወደ ዋግ ኽምራ፣ ከሰቆጣም አልፈን ወደ ጋዝጊብላ ወረዳ እንውጣ። አገሩ ተራራማ፣ በበጋም ሰማዩ የጠራ ስለሆነ በቀትር ጊዜ ብርሃኑና ጥላው እንደ ቀንና እንደ ሌሊት ይራራቃሉ። አንዲት እናት ነጭ ጋቢ ደርባ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ቆማለች እንበል። ጸሓፊው ካሜራውን ራሱ እንዲያስብ «አውቶ» በሚባለው ላይ አድርጎ ያነሣታል። ሥዕሉ ሲታይ ጋቢው ዐመድማ፣ ፊቷም ጥቁር ጥላ ሆኖ ይገኛል።

ጥፋቱ የካሜራው መበላሸት አይደለም፤ አሠራሩ ነው። የብርሃን መለኪያው ከፊቱ የቆመው ሰው ይሁን ግድግዳ አያውቅም። ያየውን ሁሉ ደምሮ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርገው ይሞክራል። ፎቶግራፍ አንሺዎች ለመለኪያ የሚይዙት ግራጫ ካርድ ካረፈበት ብርሃን 18 ከመቶውን የሚመልስ ነው፤ ነጭ ጋቢ ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ይመልሳል። ስለዚህ ካሜራው «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል፤ ቅነሳውም የሚጎዳው ጠይሙን ፊት ነው።

መድኃኒቱ በካሜራው ጀርባ ወይም በማውጫው ውስጥ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ማስተካከያ ነው። 1 መደመር ማለት ወደ ካሜራው የሚገባውን ብርሃን እጥፍ ማድረግ ነው፤ 1 መቀነስ በግማሽ ማጉደል ነው። በመካከሉም ሢሦ በሢሦ ይሄዳል። ነጭ ለብሳ ለቆመችው እናት ከሁለት ሢሦ እስከ 1 ብትደምሩ ፊቷ ይገለጣል። ጋቢው ከመጠን በላይ ቢነጣ ግድ የለም፤ ደብተሩ የሚጠይቀው ጋቢ አይደለምና። ነገር ግን ባሏ ሞቶባት ከል የለበሰች ሴት ስትመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ካሜራው ጥቁሩን ልብስ አይቶ ብርሃን ያበዛል፣ ፊቷም ይነጣል፤ ለእርሷ መቀነስ ይገባል። እንግዲህ አንዱን ቊጥር ለሁሉ አድርጎ ቀኑን ሙሉ መዋል አይቻልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ይህ የፊት ጉዳይ ከዲጂታል ካሜራ በፊት የነበረ ነው። የአሜሪካው ኮዳክ ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1950ዎቹ ጀምሮ የቀለም ፊልም ለሚያትሙ ቤቶች የላከው የመለኪያ ካርድ የነጭ ሴት ሥዕል ያለበት ነበር፤ «ሸርሊ» ይሉት ነበር። በዚያ ተስተካክሎ የታተመ ሥዕል ለጠይም ፊት ሳይመች ብዙ ዓመት ቆየ። የዛሬው መሣሪያ እጅግ ተሻሽሏል፤ ቢሆንም የማስተካከያው ቊልፍ በእጃችን ሳለ ሳንነካው መቅረት ለእኔ አይገባኝም።

ከቊልፉም በፊት ሰውየውን ማዞር ይቀላል። ከቀትር ፀሓይ አውጥታችሁ በቤቱ ጥላ፣ ፊቱን ወደ ገላጣው ሰማይ አድርጋችሁ አቁሙት፤ የዓይኑ ጉድጓድ አይጠቁርም። በጥላ ውስጥ ግን ሥዕሉ ወደ ሰማያዊ ስለሚያዘነብል «ዋይት ባላንስ» የሚባለውን በጥላ ምልክት ላይ አድርጉት። ደጅ መውጣት ካልተቻለና ክፍሉ ጨለማ ከሆነ «አይኤስኦ» የተባለውን ቊጥር ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ አብዝታችሁ ከፍ ስታደርጉት ግን ሥዕሉ አሸዋ የተነፋበት ይመስላል።

ስለ ሥዕሉ መጠን ብዙ አልናገርም። ሻጮች የሚያወሩለት የሚሊዮን ፒክስል ብዛት ለዚህ ሥራ አያስጨንቅም፤ 3 በ4 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ጉርድ ፎቶግራፍ በኢንች 300 ነጥብ ሲታተም 354 በ472 ፒክስል ይበቃል። ይልቅስ የጥራቱን ደረጃ ዝቅ አድርጎ ካርድ ለመቈጠብ መሞከር ፊቱን ያደበዝዛል።

በመጨረሻ፣ በፀሓይ ላይ የካሜራው መስተዋት ያታልላልና ወደ ጥላ ገብታችሁ ፊቱን አጕልታችሁ እዩ። ለባለይዞታዋም አሳዩአት። ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት እስከ ቤቷ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ፎቶግራፉ አልሆነም ተብላ በሌላ ቀን ከምትጠራ፣ እዚያው ቆማ ሳለች ሁለተኛና ሦስተኛ ብትነሣ ይሻላታል።