ዋግሹም ጎበዜና ደጃዝማች ካሣ፤ የሁለቱ ወገኖች ኃይልና ዓላማ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ አንድ የታሪክ ክበብ ተማሪ ያደረገው ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ጦርነት ለመናገር መነሣቴ ለአንዳንዶቻችሁ ያለ ጊዜው የመጣ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በዓል ያለፈውን የምናስብበት ቀን ነው፤ ያለፈውም ሁሉ እልልታ አልነበረም።

የምናገረው በ1863 ዓ.ም. በዋግሹም ጎበዜና በትግራዩ ደጃዝማች ካሣ ምርጫ መካከል ስለ ተደረገው ጦርነት ነው። ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው የነገሡት የእኛው የላስታና የዋግ ሰው ናቸው። ደጃዝማች ካሣም በኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የተባሉት ናቸው። የላስታ ልጅ ይህን ታሪክ ሲያወራ ልቡ ወደ አንድ ወገን ማድላቱ አይቀርም። እኔ ግን ዛሬ ሁለቱን ወገኖች በአንድ ሚዛን ላይ ለማስቀመጥ እሞክራለሁ።

ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ላይ ራሳቸውን በገደሉ ጊዜ ዙፋኑ ባዶ ሆነ። በሸዋ ምኒልክ፣ በትግራይ ካሣ፣ በላስታና በዋግ ጎበዜ ነበሩ። ጎበዜ ቴዎድሮስን የሚቃወሙበት የደም ምክንያት ነበራቸው፤ አባታቸውን ዋግሹም ገብረ መድኅንን የገደሉባቸው ቴዎድሮስ ነበሩና። ከመቅደላ በኋላ ጥቂት ወራት እንኳ ሳይቆዩ በዚያው ዓመት ክረምት ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ።

እንግዲህ የሁለቱን ኃይል እንመልከት።

በሰው ብዛት ተክለ ጊዮርጊስ በእጅጉ ይበልጡ ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች ወደ ትግራይ የዘመተውን ሠራዊታቸውን እስከ 60,000፣ የካሣን ሠራዊት ግን ወደ 12,000 ይገምቱታል። ይህም ለአንድ ሰው አምስት ሰው ማለት ነው። በዘር ክብርም ቢሆን አያንሱም ነበር፤ የዋግሹሞች ቤት የዘር ሐረጉን ከዛጉዌ ነገሥታት፣ ማለት እነዚህን አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ካስፈለፈሉት ከቅዱስ ላሊበላ ወገኖች ይቈጥራል። ካሣም በበኩላቸው ከራስ ሚካኤል ስሑልና ከደጃዝማች ሰባጋዲስ የሚወለዱ ነበሩ።

በመሣሪያ በኩል ግን ሚዛኑ ወደ ካሣ ያዘነብላል። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ወደ መቅደላ በዘመተ ጊዜ ሁለቱም መሳፍንት አልተዋጉትም፤ ይሁን እንጂ ካሣ መንገድ ከመልቀቅ አልፈው ስንቅ እንዲቀርብለት አደረጉ። እንግሊዞች ሲመለሱ ስለዚህ ውለታ 12 መድፎች፣ ከ800 በላይ ጠመንጃዎችና ጥይት ትተውላቸው ሄዱ። ከዚህም በላይ ጆን ኪርክሃም የሚባል እንግሊዛዊ ወታደር በካሣ ዘንድ ቀርቶ ሠራዊታቸውን ያሠለጥን ነበር። ስለዚህ ጥቅሙ የብረቱ ብቻ አልነበረም፤ ብረቱን በሥርዓት መተኰስ የሚያውቅ ወታደርም ተገኝቶ ነበር።

ሦስተኛው ኃይል በዓይን የማይታይ ነበር። አቡነ ሰላማ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ስላረፉ ተክለ ጊዮርጊስ ሲነግሡ የሚቀባቸው ጳጳስ አልነበረም። ካሣ ግን ወደ ግብጽ ልከው በ1861 ዓ.ም. አቡነ አትናቴዎስን አስመጡ። በዚያ ዘመን ያለ ጳጳስ ቅብዓት የተጫነ ዘውድ በሕዝብ ዓይን ጉድለት ነበረበት። 60,000 ሠራዊት ሊሞላው የማይችለውን ጉድለት አንድ ሰው ይሞላው ነበር፤ ያም ሰው በካሣ ዘንድ ነበር።

አራተኛው ምድሩ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ዓድዋ ለመድረስ ስንት ተራራና ገደል እንዳለ የላስታ ሰው ሳይነገረው ያውቃል። ብዙ ሠራዊት ብዙ እህል ይበላል፤ በዚያ ጊዜ የመንግሥት ጐተራ ስላልነበረ ዘማቹ የሚበላው ከባላገሩ ቤት ነበር። ተክለ ጊዮርጊስ ይህን ሁሉ ሠራዊት ይዘው በክረምት መግቢያ ራቁ፤ ተከዜም ከኋላቸው ነበር። ካሣ ግን በገዛ አገራቸው ቆመው ጠበቁ። ስለዚህ ብዛቱ ራሱ ለባለቤቱ ሸክም ሆነ።

አሁን ደግሞ ወደ ዓላማቸው እንምጣ። ጓደኞቼ፣ በዚህ ላይ ነው ልቤን የነካው ነገር ያለው።

ተክለ ጊዮርጊስ የተበታተኑትን መሳፍንት በሹመትና በጋብቻ አሳምረው በአንድ ዘውድ ሥር ለማድረግ ፈለጉ፤ በጎንደርም አብያተ ክርስቲያናትን አሳደሱ። ካሣም አገሪቱን በአንድ ዘውድ ሥር ለማድረግና ቤተ ክርስቲያንን ለማጠንከር ፈለጉ፤ ከነገሡ በኋላም የደከሙት ለዚሁ ነው። እንግዲህ በሁለቱ ዓላማ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ዘውዱን የሚጭነው ራስ የማን ይሁን ከማለት በቀር ልዩነት አላገኘሁም። ይባስ ብሎም ባዕዳን አልነበሩም፤ የተክለ ጊዮርጊስ ባለቤት ወይዘሮ ድንቅነሽ ምርጫ የካሣ እኅት ነበሩ። በዚያ ጦርነት ማንም ያሸንፍ ማን፣ የእርሳቸው ቤት ልቅሶ እንደሚገባበት የታወቀ ነበር።

በሐምሌ 1863 ዓ.ም. በዓድዋ አጠገብ አሰም በተባለው ስፍራ ጦርነቱ ሆነ። ጥቂቱ ብዙውን አሸነፈ፤ ተክለ ጊዮርጊስም ተማርከው ኋላ በእስር ሳሉ ሞቱ። ካሣ በጥር 1864 ዓ.ም. በአክሱም ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ።

ወዲያው ግን ሌላ ነገር መጣ። በኅዳር 1868 ዓ.ም. በጉንደት፣ በመጋቢት ደግሞ በጉራዕ የግብጽ ጦር ኢትዮጵያን ወጋ። ዐፄ ዮሐንስ ሁለቱንም ጊዜ ድል አደረጉ፤ ይህን የማመሰግነው የላስታ ልጅ ስሆን ነው። ነገር ግን አምስት ዓመት አስቀድሞ በአሰም የወደቁት የሁለቱም ወገን ጐበዛዝት በጉራዕ ቢቆሙ ኖሮ ብዬ ማሰቤ አልቀረም።

ወላጆቻችን ሆይ፣ ይህን ታሪክ ለምን እንደ መረጥሁ ሳታውቁት አትቀሩም። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሕወሓት ኃይሎች ከተማችንን ያዙ፤ እስከ ታኅሣሥም ከተማችን ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች። መብራትና ስልክ ጠፋ፣ እንግዳ ቀረ፣ ትምህርት ተቋረጠ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈረመ፤ በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ በክልላችን ሌላ ጦርነት ተነሣ። የተጎዳ ሰው የሌላውን ወገን ኃይልና ዓላማ በትክክል ለመመዘን ይከብደዋል፤ ይህ የሚያስወቅሰው አይደለም። ሆኖም ሚዛኑን እስከ መጨረሻው የጣልን እንደ ሆነ፣ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ልጆች ከታሪክ የሚወርሱት ቂምን ብቻ ይሆናል። ጠላት ያልነውን ሰው በትክክል መመዘን ለእርሱ የምንሰጠው ስጦታ አይደለም፤ ራሳችን እንዳንሳሳት የሚጠብቀን ነው። ተክለ ጊዮርጊስ የካሣን ኃይል በሰው ብዛት ብቻ ባይለኩት ኖሮ በዚያ ክረምት ተከዜን ከመሻገራቸው በፊት ደጋግመው ያስቡ ነበር።

አንድ ነገር ጨምሬ ልፈጽም። ከአሰም ጦርነት 25 ዓመት በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በዚያው በዓድዋ ምድር ኢትዮጵያ የኢጣልያን ጦር ድል አደረገች። በዚያ ቀን ከተሰለፉት መካከል የዐፄ ዮሐንስ ልጅ ራስ መንገሻ አንዱ ነበሩ፤ የዋጉ ዋግሹም ጓንጉልም ሌላው ነበሩ። አባቶቻቸው በአሰም የተጋደሉ የትግራይና የዋግ ሰዎች በአንድ ሰንደቅ ዓላማ ሥር ቆሙ። ደሙ ገና አልተረሳም ነበር፤ ነገር ግን ከደሙ የሚበልጥ ነገር እንዳለ ዐወቁ።

እነርሱ ይህን ለማወቅ 25 ዓመት ፈጀባቸው። እኛ የትምህርት ቤት ልጆች ከዚያ ባነሰ ጊዜ እንድናውቀው እግዚአብሔር ይርዳን።