«የተላመደ» ከማለታችን በፊት፦ የጂኖም ንባብና ቲቢ የሚመስሉ ባክቴሪያዎች



ንግግሬን በራሴ ስሕተት ልጀምር። ጂን ኤክስፐርት የተባለው መመርመሪያ በየሆስፒታሉ ሳይዳረስ፣ የስድስት ወር የቲቢ ሕክምናቸውን ሳያቋርጡ ጨርሰው ያልዳኑ የአንዲት እናት አክታ ወደምሠራበት ላቦራቶሪ መጣ። ባክቴሪያው በማይክሮስኮፕ ታየ፤ በካልቸርም አደገ፤ ሪፋምፒሲንንም አይሶናያዚድንም ተቋቋመ። እኔም «መድኃኒት የተላመደ ቲቢ» በሚለው ውጤት ላይ ፈረምሁ። እኒህ እናት ያን ጊዜ ሃያ ወር ገደማ ይፈጅ የነበረውን ሕክምና ጀመሩ፤ በየዕለቱ የሚወጉት መድኃኒትም የመስማት ችሎታቸውን ጎዳው። ከዓመታት በኋላ በማቀዝቀዣ የቆየው ባክቴሪያ ጂኖም ሲነበብ ማይኮባክቴሪየም ኢንትራሴሉላሬ ሆኖ ተገኘ። ቲቢ አልነበረም።

ስሕተቱ ከየት መጣ? ሮበርት ኮኽ የቲቢን ባክቴሪያ በ1882 ካስታወቀ ወዲህ የምንመካበት የዚል-ኒልሰን ቀለም የማይኮባክቴሪየም ዝርያዎችን ሁሉ ቀይ አድርጎ ያሳያል። ከእነዚህ አብዛኞቹ በውኃና በአፈር የሚኖሩ ናቸው። ወፍራምና ሰም መሰል ግድግዳቸው ብዙ መድኃኒት አያስገባም። እንግዲህ «ተላመደ» የሚለው ቃላችን ራሱ አሳስቶናል፤ የሚላመድ ነገር ቀድሞ የማያውቀው መሆን አለበት። ይህ ባክቴሪያ ግን መድኃኒቱን የተቋቋመው በተፈጥሮው ነው።

በ1998 የቲቢ ባክቴሪያ ሙሉ ጂኖም ታተመ፤ 4.4 ሚሊዮን ያህል የዲኤንኤ ፊደላት አሉት። ዛሬ የአንድን ናሙና ጂኖም ስናነብ ሁለት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል እንመልሳለን፦ መጀመሪያ ዝርያው ማን ነው? ቀጥሎም ቲቢ ከሆነ፣ አርፒኦቢን በመሰሉ ጂኖች ላይ መድኃኒት የሚያስጥል ለውጥ አለ? እኔ ሁለተኛውን ጠይቄ የመጀመሪያውን ዘለልሁ።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። የኢንትራሴሉላሬ ሕክምና የሚመሠረተው በአዚትሮማይሲን ወይም በክላሪትሮማይሲን ላይ ነው፤ ለእኒህ እናት አንዱም አልተሰጣቸውም። ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል ተብሎም አይሰጋም። እርሳቸው ግን ከልጆቻቸው ተለይተው ከርመዋል።

ጂኖም ማንበብም ብቻውን አይበቃም። ብዙ ጊዜ በካልቸር ያደገ ባክቴሪያ ይፈልጋል፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም። የአካባቢ ባክቴሪያ በአንድ ናሙና መገኘቱም በሽታ መኖሩን አያረጋግጥም፤ ተደጋጋሚ ናሙና፣ የሳንባ ምስልና የሕመም ምልክት አብረው መመዘን አለባቸው። ሆኖም ሁሉም ላቦራቶሪ ሊያስተውለው የሚችል ምልክት አለ፦ በማይክሮስኮፕ ባክቴሪያ ታይቶ ጂን ኤክስፐርት «ቲቢ የለም» ካለ፣ አንዱን ውጤት ከመጣል ይልቅ ዝርያውን መጠየቅ ይገባል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እኒህ እናት የደበቁት አልነበረም፤ ያልጠየቅሁት እኔ ነኝ። ተማሪዎቼ ሆይ፣ ውጤት ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ዝርያውን ለዩ።