እንግዳ፣ ጎረቤት፣ ባለቤት፦ በብሔራዊ ፓርኮቻችን በር ላይ በአገራችን የሚኖር የውጭ ዜጋ ስንት ይክፈል?



ይህ ሕዝባዊ ንግግር ከግቢያችን ወጥቶ እዚህ፣ ከቆሼ ብዙም በማይርቅ አዳራሽ እንዲካሄድ ለፈቀዳችሁ ሁሉ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ስለ ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ዋጋ ለመናገር ወደዚህ ሰፈር መምጣት ለአንዳንዶቻችሁ ያልተለመደ ነገር ሊመስል ይችላል። ምክንያቱን በንግግሬ አጋማሽ ላይ አስረዳለሁ። አስቀድሜ ጥያቄውን ላስቀምጥ።

በብዙ አገሮች የፓርክ በሮች ላይ የሚለጠፈው የዋጋ ሠንጠረዥ ሰዎችን በሁለት ይከፍላል፤ ዜጋና የውጭ ዜጋ። አንዳንዱ ሠንጠረዥ በመካከል ሦስተኛ መደብ ይጨምራል፤ የውጭ ፓስፖርት ይዞ በአገሩ ውስጥ የሚኖር ሰው። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ሦስተኛ ሰው ነው። እንደ ጎብኚ ከፍ ያለ ዋጋ ይክፈል? እንደ አገሬው ሰው ዝቅ ያለ ዋጋ ይክፈል? ወይስ በመካከል ይቁም? ጉዳዩ የጥቂት ብሮች ይመስላል። ሆኖም በሩ ላይ የተጻፈው ዋጋ፣ መንግሥት ማንን ባለቤት፣ ማንን እንግዳ አድርጎ እንደሚያይ የሚናገር አጭር ሕግ ነው።

በመጀመሪያ፣ ለውጭ ጎብኚ ዋጋን ከፍ ማድረግ የእኛ ፈጠራ እንዳልሆነ እናስታውስ። ሩዋንዳ የተራራ ጎሪላ የሚጎበኝበትን ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ2017 ከ750 ወደ 1500 ዶላር አሳድጋለች። ኢኳዶር የጋላፓጎስን የውጭ ጎብኚ መግቢያ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ከ100 ወደ 200 ዶላር ከፍ አድርጋለች። ዩናይትድ ስቴትስ ከእ.ኤ.አ. ጥር 2026 ጀምሮ የሎውስቶንንና ግራንድ ካንየንን ጨምሮ በ11 ታዋቂ ፓርኮች የአገሩ ነዋሪ ያልሆነ ጎብኚ 100 ዶላር ተጨማሪ እንዲከፍል ወስናለች፤ ለአገሬው 80 ዶላር የሆነው ዓመታዊ ፈቃድም ለውጭ ሰው 250 ዶላር ሆኗል። በፓሪስ የሚገኘው የሉቭር ሙዚየም እንኳ በዚያው ወር ከአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጣና ውጭ ለሚመጡ ጎብኚዎች ዋጋውን ከ22 ወደ 32 ዩሮ አድርሷል።

ከእነዚህ ውሳኔዎች በስተጀርባ ያለው ምክንያት ጠንካራ ነው። አህጉር አቋርጦ ለሚመጣ ጎብኚ የመግቢያ ዋጋ ከአውሮፕላን ቲኬቱና ከሆቴል ወጪው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ በመጠኑ ቢጨምር ጉዞውን አይሰርዝም። በእኛ አገር ደግሞ ሌላ ምክንያት ይታከላል። በብር የተቆረጠ ዋጋ ከምንዛሪው ጋር እየሟሸሸ ይሄዳል። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የውጭ ጎብኚ የቀን መግቢያ ለበርካታ ዓመታት 90 ብር ነበር። በ2010 ዓ.ም. መግቢያ ብር ሲዳከምና አንድ ዶላር ወደ 27 ብር ሲጠጋ፣ ያ 90 ብር ወደ 3 ዶላር ከ30 ሳንቲም ወረደ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገና ዶላሩ 100 ብርን ካለፈ በኋላ፣ ያው 90 ብር አንድ ዶላር እንኳ አይሞላም። በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበን፣ ዋልያና ጭላዳ የሚኖሩበትን ተራራ በአንድ ስኒ ቡና ዋጋ ማስጎብኘት እንግዳ ተቀባይነት ሊባል አይችልም። ስለዚህ ከሩቅ የመጣው እንግዳ ተገቢውን ዋጋ ይክፈል በሚለው ላይ ከማንም ጋር አልከራከርም።

ክርክሩ የሚጀምረው እንግዳው መቀመጥ ሲጀምር ነው። በባህላችን እንግዳ፣ ጎረቤትና የቤት ባለቤት አንድ አይደሉም። እንግዳ የክብር ቦታ ይሰጠዋል፤ ይሸኛልም። ጎረቤት ግን እሳት ይጫጫራል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ እድር ይገባል። የመጣበት አገር አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው መዋጮውንና በችግር ቀን መገኘቱን ነው። ሁለት መደብ ብቻ ያለው ሠንጠረዥ ጎረቤት የሚባለውን ሰው ይረሳዋል።

ሦስተኛ መደብ ያለው ሠንጠረዥም ቢሆን ችግሩን አይጨርሰውም፤ «በኢትዮጵያ የሚኖር የውጭ ዜጋ» የሚለው ስም እጅግ የተለያዩ ሰዎችን አንድ ላይ ያጭቃልና። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ ናት። እ.ኤ.አ. የ1961ዱ የቪየና ስምምነት ለዲፕሎማት ከግብር ነጻ የመሆን መብት ይሰጠዋል፤ ደመወዙም በውጭ ምንዛሪ ነው። በሌላ በኩል በትምህርት ቤቶቻችን የሚያስተምረው፣ በፋብሪካ የሚሠራው የውጭ ዜጋ አለ፤ እንደ እኔና እንደ እናንተ ከደመወዙ ግብር ይቆረጥበታል፣ ዳቦና ሳሙና ሲገዛ ቀረጥ ይከፍላል። ከእነዚህ ሁሉ በቁጥር የሚበልጡት ግን ስደተኞች ናቸው። አገራችን ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከሱዳን የመጡ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞችን ታስተናግዳለች። «የውጭ ዜጋ ነዋሪ» ስንል በአእምሯችን የሚመጣው ባለ ነጭ መኪናው ዲፕሎማት ነው፤ ዋጋውን የምንተምነውም እሱን አስበን ነው። በተግባር ግን ዋጋው ስደተኛው ላይም ያርፋል።

ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ተማሪዎቼን ለመስክ ትምህርት ወደ አንድ ፓርክ ይዤ ሄጄ ነበር። ከመካከላቸው ከኤርትራ ተሰዶ የመጣ፣ ትምህርቱን በጥሩ ውጤት የሚከታተል ልጅ ነበረ። የበሩ ሠራተኛ መታወቂያዎችን ሲያይ ቆየና ወደ እኔ መጣ። «ዶክተር፣ ይኼ ልጅ በዝርዝሩ መሠረት የውጭ ዜጋ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?» አለኝ በትሕትና። ሰውየው ጥፋት አልነበረበትም፤ በእጁ የያዘው ወረቀት ከዚያ በላይ አያውቅም። ጓደኞቹ አዋጥተው ልዩነቱን ከፈሉለት። ልጁ በመንገድ ሁሉ ዝም ብሎ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ይህ ጉዳይ ከበጀት ጥያቄ በላይ መሆኑ የገባኝ።

አሁን ወደ ቆሼ ልመለስ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ወደዚህ ሲጋዝ ኖሯል። የቦሌው ቤት፣ የካዛንችሱ ሆቴል፣ የኤምባሲው ግቢ የጣለው ሁሉ እዚህ ተከመረ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። አገሪቱ ለ3 ቀናት ሐዘን ተቀመጠች። ያ ክምር በወረደ ጊዜ ከማንም መታወቂያ አልጠየቀም። ከገጠር ትናንት የመጣውንም፣ እዚሁ ተወልዶ ያደገውንም እኩል ቀበረ። ሸክሙ የወደቀው በሚኖሩት ላይ ነው፤ እዚያ መኖራቸው ብቻ በቂ ነበር።

ከዚህ የምወስደው መርሕ ይህ ነው፦ የጋራ ሀብትና የጋራ ሸክም በነዋሪነት ይለካሉ። ሸክሙን በነዋሪነት የምናካፍል ከሆነ፣ በረከቱን በፓስፖርት ብቻ ማካፈል ፍትሕ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት የሰጠው ለዜጎች ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ሰዎች ነው። ንጹሕ አየር፣ ደንና ተራራ ከዚህ መብት ርቀው የሚታዩ አይመስለኝም።

ይኸው መርሕ በፓርኮቹ አጠገብም ይሠራል። ለሰሜን ተራሮች ፓርክ ከፍተኛውን ዋጋ የከፈለ የውጭ ጎብኚ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ገደማ ከግጭ መንደር ተነሥተው ወደ ደባርቅ የሰፈሩት ከ400 የሚበልጡ ቤተሰቦች ናቸው። በቀጣዩ ዓመት ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ወጣ፤ ዓለም ደስ አለው። የግጭ ሰዎች የከፈሉት ግን በየትኛውም ቲኬት ላይ አልተጻፈም። ሩዋንዳ የጎሪላውን ዋጋ እጥፍ ባደረገች ጊዜ ለፓርኩ ጎረቤቶች የሚደርሰውን ድርሻም ከ5 ወደ 10 በመቶ አሳድጋለች። ዋጋ መጨመርና ማካፈል አብረው ሲሄዱ ጭማሪው ተቀባይነት ያገኛል።

ሁለት ተቃውሞዎችን ላንሣ። የመጀመሪያው ከአውሮፓ ፍርድ ቤት የሚመነጭ ነው። ጣሊያን በቬኒስ የዶጆች ቤተ መንግሥትን በመሳሰሉ ሥፍራዎች ለራሷ አዛውንቶች ብቻ ቅናሽ ታደርግ ነበር። መንግሥቷ ሲከሰስ፣ የአገሬው ሰው በግብሩ ቀድሞ ከፍሏል ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2003 በግብሩና በቅናሹ መካከል ቀጥተኛ ግንኙነት የለም በማለት ክርክሩን ውድቅ አደረገ። እኛ በዚያ ኅብረት ሕግ አንገዛም፤ ትምህርቱ ግን ለእኛም ይሆናል። «ዜጋው በግብሩ ከፍሏል» የምንል ከሆነ፣ ግብር ከፋዩ የውጭ ዜጋም ከፍሏል ማለታችን ነው። ከግብር ነጻ የሆነው ዲፕሎማት ደግሞ አልከፈለም። ምክንያቱን ካነሣን እስከ መጨረሻው ልንከተለው ይገባል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የአፈጻጸም ነው፤ የበር ሠራተኛ ይህን ሁሉ እንዴት ይለያል? ይቻላል። ዲፕሎማቱ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሠራተኛና ስደተኛው ሦስቱም የተለያየ መታወቂያ ይይዛሉ። ትውልደ ኢትዮጵያዊውም የራሱ መታወቂያ አለው፤ አዋጅ ቁጥር 270/1994 በውጭ ዜጎች ላይ የተጣሉ የአገልግሎት ገደቦች እሱን እንዳይመለከቱት ከወሰነ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያም የተመሠረተው በነዋሪነት ላይ ነው፤ ዜግነትን አያረጋግጥም። መንግሥት ራሱ ነዋሪነትን እንደ መለኪያ ተቀብሎ ሳለ የፓርክ በር ወደ ኋላ የሚቀርበት ምክንያት የለም።

እንግዲህ ሐሳቤን በአራት ነጥብ ላጠቃልል። አንደኛ፣ ከውጭ የሚመጣ ጎብኚ ከምንዛሪው ጋር የሚሻሻል፣ በጎረቤት አገሮች ዋጋ የተመዘነ ክፍያ ይክፈል። ሁለተኛ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ኖሮት እዚህ ግብር የሚከፍል ሰው በዜጋው ዋጋ ይግባ፤ ከግብር ነጻ የሆነው ደግሞ በመካከለኛ ዋጋ። ሦስተኛ፣ ስደተኛና ተማሪ፣ ዜግነታቸው ምንም ይሁን ምን፣ ዝቅተኛውን ይክፈሉ። አራተኛ፣ ከጎብኚው የሚገኘው ጭማሪ በግልጽ በሚነገር ድርሻ ለፓርኩ ጎረቤቶችና ለተማሪዎች ጉዞ ይዋል።

አራተኛውን ነጥብ በተለይ ለእናንተ ለቆሼ ልጆች ስል አነሣዋለሁ። ሕጉ ባለቤት ያደርጋችኋል፤ በሩ ላይ ያለው የእናንተ ዋጋ ዝቅተኛ ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ እስከ አዋሽ ፓርክ 200 ኪሎ ሜትር ያህል፣ እስከ ደባርቅ ደግሞ ወደ 800 ኪሎ ሜትር አለ። የሚያግዳችሁ የመግቢያው ቲኬት ሳይሆን የአውቶቡሱና የማደሪያው ወጪ ነው። የዜጋው ቅናሽ እስካሁን በብዛት የጠቀመው መኪና ያለውን የከተማ ቤተሰብ ነው፤ እኔንም ጨምሮ። ዋልያን በሥዕል ብቻ አይቶ ያደገ ልጅ የተራራው ባለቤት ነው ብንለው በወረቀት ልክ ነን፤ ከወረቀቱ ውጭ ግን ገና ነን።

ተማሪዎቼ፣ ከእናንተ መካከል ይህን ጉዳይ ለመመረቂያ ጽሑፉ የሚመርጥ ቢኖር ደስ ይለኛል። በፓርኮቹ በር ላይ ቁሙ፤ ማን እንደሚገባ፣ ማን ከበሩ እንደሚመለስ፣ ማን ጨርሶ እንደማይመጣ ቁጠሩ። የሦስተኛው ቁጥር ከሁለቱ ይልቅ አስቸጋሪ ነው፤ ለመጀመር ግን ከዚህ ሰፈር የተሻለ ቦታ አላውቅም።